ባለቤቴ ከአደጋው ወዲህ ሌላ ሰው ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ አራት ወር ሆነው። ቁስሉ ድኗል። ግን ልጆቹ ትንሽ ሲንጫጩ ይጮህባቸዋል። ቡና ጠጥቶ ሲኒውን ሳያስቀምጥ «ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ጎረቤት ሰነፈ ይላል። ሞተር ልንዳ እያለም ያስጨንቀኛል። ምን ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። በነርስነቴ እንዲህ ያሉ ብዙ ታካሚዎች አይቻለሁ፤ ሰነፈ ሲባሉ አንጀቴ ያርራል። ቁጣን የሚገታው የአንጎል ክፍል ግንባር ጋ ነው፤ በእንዲህ ያለ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም እሱ ነው። ድካሙም የእውነት ነው። ቀን ላይ ይረፍ። ሲቆጣ አትከራከሪው፤ ቴሌቪዥኑን አጥፊና ልጆቹን ወደ ውጭ አውጪያቸው።

ለመርሳቱ አንድ ደብተር ግዢለት፤ ቦታው አይቀያየር። «ቡና ጠጣሁ፣ መድኃኒት ወሰድኩ» ብሎ በራሱ እጅ ይጻፍ። አንቺ አትጻፊለት፣ መልመድ ያለበት እሱ ነው።

ሐኪሙ ሳይፈቅድ ሞተር አይነካም። ቁልፉን ለወንድሙ ስጪው። አረቄና ጫትም ይቅሩበት። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስመለሰው ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

መሻሻሉ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። አንቺስ? በሳምንት አንድ ቀን ከዘመድ አንዱ እሱ ጋ ይዋልና ወጣ በይ።