መልስ፦ ኢቺሮ ሆም ረን ሳያበዛ እንዴት የሂት ሪከርድ ሰበረ?

ሰላም ወንድሜ፣ የጃፓናዊው የቤዝቦል ተጫዋች የኢቺሮ ሱዙኪ ምስጢር ከጉልበቱ ይልቅ እግሩ ላይ ነው። ሂት ማለት መቺው ኳሷን መትቶ በሰላም ቤዝ (የሩጫ ማረፊያ ነጥብ) የሚደርስበት ምት ነው፤ ሆም ረን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኳሷ ከአጥሩ ውጭ የምትወጣበት ትልቁ ምት ነው።

በግራ ይመታ ስለነበር ከቀኝ መቺ ይልቅ ለአንደኛ ቤዝ፣ ማለትም መቺው መጀመሪያ ለሚሮጥበት ነጥብ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ይቀርብ ነበር። በዚያ ላይ ዱላው ኳሷን ሲነካ ሰውነቱ ወደ ቤዙ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ርቀቱ 27.4 ሜትር ብቻ ነው፤ መሬት ለመሬት የሄደችውን ኳስ የሚያነሳው ተከላካይ ጥቂት ከተንገዳገደ አበቃለት። በ2004 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ቡድን ሲያትል ማሪነርስ ካስመዘገባቸው 262 ሂቶች 225ቱ ባለ አንድ ቤዝ ነበሩ፣ ሆም ረን 8 ብቻ። በዚህም ከ1920 ጀምሮ የቆየውን የጆርጅ ሲስለርን የአንድ የውድድር ዓመት ሪከርድ፣ 257 ሂት፣ አለፈ።

ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ለጥቂት የሚያመልጡት ሂቶች ወደ አውት (መቺው ቤዝ ሳይደርስ ከጨዋታው ተራ መውጣት) ይለወጣሉ። ለ10 ተከታታይ ዓመታት በዓመት ከ200 ሂት ሳይወርድ ቆይቶ በ2011፣ በ37 ዓመቱ፣ 184 ላይ ቀረ፤ የ2004ቱ .372 የመምታት አማካይም (ከ1,000 የመምታት ሙከራ 372 ሂት እንደማለት) .272 ሆነ።

ኳስ የሚወረውርበትን ክንዱንም አትርሳ፤ አብዛኛውን በቀኝ በኩል ባለው የውጪ ሜዳ ያሳለፈው የተከላካይነት ጊዜ 10 የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) አስገኝቶለታል።

በአሜሪካው ዋና ሊግ 3,089 ሂት አለው። የጃፓኑን 1,278 ደምረው ከአሜሪካው ዋና ሊግ የሂት ባለሪከርድ ከፒት ሮዝ 4,256 በላይ የሚያስቀምጡት አሉ፤ ሊጎቹ የተለያዩ ስለሆኑ እኔ ለየብቻ ባያቸው እመርጣለሁ።