ካርታ መጣል የማያውቅ ጓደኛ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከዚራ ሰፈር፣ ጓደኛችን ግቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ሆነን ፖከር እንጫወታለን፤ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን፣ ለያንዳንዱ ሁለት ካርታ ታድሎ አምስት የጋራ ካርታ መሃል ላይ የሚገለጥበትን። በገንዘብ አይደለም። ሽምብራው 5፣ ቆርኪው 50 ነጥብ ሆኖ ለያንዳንዳችን 1000 ነጥብ ይታደላል፤ መጀመሪያ ያለቀበት የሁሉንም ሻይና ሳንቡሳ ይከፍላል። ከመሃላችን አንዱ ካርታ መጣል፣ ማለትም ከዙሩ መውጣት የሚባል ነገር አያውቅም። የመጣለትን ሁሉ ይጫወታል፤ ምርቃናው ሲነሳ ደግሞ ሁለት ካርታውን ሳያይ ማስያዣውን ይጨምራል። ብላፍ ባደርግበት፣ ማለትም ባዶ እጄን በትልቅ ማስያዣ ላስፈራራው ብል፣ ንቅንቅ አይልም። ጥሩ ካርታ እስኪመጣልኝ ልጠብቅ ስል ደግሞ ሽምብራዬ እየመነመነ ያልቃል። የሰው ሳንቡሳ መክፈል ሰለቸኝ፤ ምን ይሻለኛል?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይበዛ «አንተ» ብንልህ አትቀየመንም።

መጀመሪያ ብላፉን ተወው። መሃል ላይ 100 ነጥብ ተከማችቶ አንተ በባዶ እጅ 50 ብታስይዝ፣ እንዳትከስር ቢያንስ ከሦስት አንዴ ካርታውን መጣል አለበት። የናንተ ልጅ ከአሥር አንዴ ጣለ እንበል። አንዴ 100 ታገኛለህ፣ ዘጠኝ ጊዜ 50 እየተበላህ 450 ይሄዳል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ጥበቃውም ቢሆን አላዋጣህም። ሁለት አስ የሚመጣው በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው፤ ማንኛውም ጥንድ ከ17 አንዴ። ሻዩ ቀድሞህ ይደርሳል። እሱ የመጣለትን ሁሉ ስለሚጫወት የሚገጥምህ ተራ ካርታ ነው፤ ስለዚህ አንተም ከወትሮው ዝቅ ብለህ መምረጥ ትችላለህ። ካርታውን ሳያይ ያለውን በሙሉ ቢያስይዝብህ፣ ከ6 ጀምሮ ያለ ማንኛውም ጥንድ፣ አስ ከ10 ወይም ከዚያ ከሚበልጥ ካርታ ጋር፣ ኪንግ ከኩዊን ጋር፣ ሁሉም ከ100 ከ60 ጊዜ በላይ ያሸንፉታል። 2 ከ2 ጋር ግን ጥንድ ነው ብለህ አትመካበት፤ ሃምሳ በሃምሳ ነው። እንደ 6 እና 7 ያሉትን ተከታታዮችም ጣላቸው። አንዱ ትልቅ ጥቅማቸው ተጋጣሚን አስፈራርቶ ማስጣል ነው፤ እሱ ደግሞ አይፈራም።

መቀመጫህንም ቀይር። ተራው ወደ ግራ ስለሚዞር ከእሱ ቀጥሎ በግራው በኩል ተቀመጥ፤ እሱ ያደረገውን አይተህ ትወስናለህ። 40 ሲያደርገው አንተ 120 አድርገው። ይህን የምታደርገው የቀሩትን አራቱን ለማስወጣት ነው፤ ለብቻው ስታገኘው ነው ካርታህ ዋጋ የሚኖረው።

አስና ኩዊን ይዘሃል እንበል። እሱ 40፣ አንተ 120፣ እሱ ተከተለ፣ ሌሎቹ ጣሉ። ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰዎች የሚያስገቡት የ5 እና የ10 የግዴታ መዋጮ ተደምሮ መሃሉ 255 ሆነ። ሦስቱ ካርታዎች ሲገለጡ ኩዊን፣ 8 እና 3 ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንዳላሸሸው» ብሎ ምንም ሳያስይዝ ያልፋል። አትለፍ፤ የሚሸሽ ልጅ አይደለም። 170 አስይዝ፤ ሲከተልህ መሃሉ 595 ይሆናል። አራተኛው ካርታ 5 ወጣ፤ 400 አስይዝ፣ መሃሉ 1395 ይሆናል። አምስተኛው 2 ሲሆን የቀረህን 310 በሙሉ ግፋው። 8 እና ጃክ ይዞ እንኳ እስከ መጨረሻው ይከተልሃል። ሦስቱ በተገለጡበት ጊዜ አልፈህ ቢሆን ኖሮ 170ው ወደ አራተኛው፣ 400ው ወደ አምስተኛው ካርታ ይገፋና ያ 310 ነጥብ፣ ማለትም ስድስት ቆርኪና ሁለት ሽምብራ፣ እሱው ፊት ተቀምጦ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ልጁ ዝም ብሎ ሲከተል ነው። ምርቃናው ተነስቶ ራሱ መጨመር ሲጀምር ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥሩ ካርታ ይዘህ እለፍለት፣ ሲያስይዝ ተከተለው፣ ገመዱን ልቀቅለት። አንተ ከጨመርክ ምናልባት ያስብበታል፤ ከተውከው ግን ራሱ አምጥቶ ያስረክብሃል። ሁለቱን ጠባይ ሳይለዩ በአንድ መንገድ ብቻ የሚጫወቱ ናቸው የሚቸገሩት። አንድ ምልክት ያዝ፦ ሙሉ ማታ ሲከተል ብቻ ያመሸ ሰው አምስተኛው ካርታ ላይ ድንገት ያስያዝከውን እጥፍ ካደረገ እውነቱን ነው። ያኔ አንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ የያዝከው ጣለው፤ ሲከተል ያመሸ ሰው እዚያ ላይ የሚያታልልበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ከ100 65 ጊዜ የሚያሸንፍ እጅ 35 ጊዜ ይሸነፋል፤ በተከታታይ ሦስቴ ብትበላም አይግረምህ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ተናዶ እንደሱ ሁሉንም መጫወት የሚጀምር ሰው አለ፤ ከዚያ በኋላ ልዩነታችሁ ዕድል ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሁለት አስ መጣልኝ። መዋጮው 10 ስለነበር 20 አደረግሁት፤ አራት ሰው ተከተለኝ። መጨረሻ ላይ 9 እና 7 የያዘው በሁለት ጥንድ በላኝ። ሁለት አስም ይሸነፋል እንዴ?
ከሐረር

መልስ፦ ይሸነፋል እህታችን። አንድ ተራ እጅ ብቻ ሲገጥመው ከ100 85 ጊዜ ያሸንፋል። ሁለት ሲሆኑ 73፣ ሦስት ሲሆኑ 64፣ አራት ሲሆኑ ወደ 56 ይወርዳል። ጥፋቱ 20ው ላይ ነው፤ 10 ብቻ ጨምሮ ለመግባት ማን ይሳሳል? 40 አድርጊው፤ ካንቺ በፊት ለገባ ለያንዳንዱ ሰው ደግሞ 10 ጨምሪበት። ከመሃላችሁ ካርታ የማይጥል ካለ 70ም ቢሆን ይከተላል፤ አትሳሺለት። ይህም ሆኖ አራቱም ከተከተሉና ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው 7፣ 8 እና 9 ተገልጠው ሁለቱ እየተፎካከሩ መጨመር ከጀመሩ፣ የአሶቹን ማማር እርሺውና ጣያቸው።