ማይክሮስኮፑ ባይኖርሽም

የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ ጽፈሽልኛል። አርኤንኤ ፖሊሜሬዝን፣ ማለትም የዲኤንኤን መልእክት ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይም፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ግን ዩኒቨርሲቲሽ መሣሪያው የለውም፤ ፊዚክስም ይከብድሻል። «ልተወው?» ነው ጥያቄሽ።

አትተይው። መሣሪያው ያላቸውም ቢሆኑ ማይክሮስኮፑ ፊት የሚቀመጡት ለጥቂት ቀን ነው። ቀሪው ጊዜ ፕሮቲን በማጥራትና ኮምፒውተር ላይ በማፍጠጥ ያልቃል።

«ፖሊሜሬዝ II» የሚባለው የእርሾ ኢንዛይም 12 ንዑስ ክፍሎች ያሉት ማሽን ነው። ሮጀር ኮርንበርግ እ.ኤ.አ. በ2006 ኖቤል የተሸለመበት የቅርጽ ሥራ በዋናነት በኤክስሬይ የተሠራ ነበር። ለዚያ ኢንዛይሙ ክሪስታል መሆን አለበት፤ እሺ ካላለ ደግሞ ዓመታት ይበላል። በክራዮ ዘዴ፣ ማለትም ናሙናውን በቅጽበት አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በማየት፣ ክሪስታል አያስፈልግም። ናሙናው እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ ፈሳሽ ኢቴን ውስጥ ይነከራል፤ ውሃው የበረዶ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ እንደ መስታወት ይጠጥራል። ከዚያ እጅግ ብዙ ሞለኪውሎች ፎቶ ይነሣሉ። እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ብዥ ያለ ነው፤ የማይረባ ይመስላል። ኮምፒውተሩ በየአቅጣጫቸው ለይቶ ሲደምራቸው ግን ቅርጹ ብቅ ይላል። እንዲያውም ኢንዛይሙ ሥራ ላይ እያለ የያዛቸውን የተለያዩ አቋሞች መለየት ይቻላል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ታዲያ ናሙናው ካልጠራ፣ ወይም ኢንዛይሙ ሲቀዘቅዝ ከተበታተነ፣ ባለ 300 ኪሎቮልት ማይክሮስኮፕም አያድንሽም። ስለዚህ የፕሮቲን ማጥራት ልምምድ ካገኘሽ፣ አሰልቺ ነው ብለሽ እንዳትንቂው።

ለኮምፒውተሩ ሥራ ማንንም አትጠብቂ። ምስሎቹን ለይቶ የሚደምረው ሪላየን የሚባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ኤምፓየር የሚባለው ማኅደር ላይም ሌሎች ያነሷቸው ጥሬ ምስሎች በነጻ ይገኛሉ። ሊኑክስና ትንሽ ፓይተን ተማሪ። በፖሊሜሬዝ አትጀምሪ፣ ያደክምሻል፤ በሪላየን መለማመጃ ላይ ያለውን ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ጨርሺ። ከፊዚክሱ አሁን የምትፈልጊው ፉሪየር ትራንስፎርምን፣ ማለትም ምስልን ወደ ሞገዶች የሚከፋፍለውን ሒሳብ፣ ነው። ሌላው ይደረስበታል።

ከዚያ ለላብራቶሪ ኃላፊዎች ጻፊ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» የሚለውን ተይው፣ ሁሉም ይጽፈዋል። የቱን ዳታ እንደሠራሽ፣ የት እንደተበላሸብሽ፣ ምን ብታደርጊ እንደተስተካከለ በአምስት መስመር ንገሪያቸው። የተበላሸውንም ምስል አያይዢ።