ጅቡቲን በአንድ ቀን

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። ለሥራ ጅቡቲ ልሄድ ነው፤ አንድ ቀን ትርፍ አለኝ። ከተማዋ ውስጥ ምን ልይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጠዋት ውጣ። ከቀትር በኋላ አብዛኛው ሱቅ ተዘግቶ ነው የሚጠብቅህ። በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የሐሙዲ መስጊድ እይና አጠገቡ ያለው ገበያ ግባ፤ አፋሩ፣ ሶማሌው፣ የመናዊው፣ የእኛም ሰው ተደባልቆ ሲገበያይ ስታይ የባቲ ሰኞ ገበያ ትዝ ይልሃል (ባቲ ባሕር የላትም እንጂ!)። ምኒልክ አደባባይም ቅርብ ነው። ስሙ በነጻነት ቀናቸው ስም ተቀይሯል፣ ሰዉ ግን ያንኑ ነው የሚለው። ምሳ? ሌላ እንዳታዝ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ የየመን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር፣ ያውም በእጅ። ሲመሽ ወደ ባሕሩ ውረድ። በሐምሌ ከሆነ ግን ጉዞህን ለጥር አቆየው፣ ሙቀቱ አይቻልም።