ጌም ስከፍት ድርግም ይላል

ጥያቄ፦ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቼ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር የግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣውን) ጨመርኩበት። ፊልም ሳይ ሰላም ነው። ጌም ስከፍት በአምስት ደቂቃ ድርግም! ጠጋኙ «ካርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። ልጣለው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትጥለው! እኔ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አንብብ፤ ብዙ የቢሮ ማሽኖች ላይ ከ300 ዋት በታች ነው። ጌም ስትከፍት ካርድህ ብቻውን 125 ዋት ገደማ ይበላል፤ የካርዱ ቺፕ ሠሪ ኤንቪዲያ የሚመክረው ደግሞ የ450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። የኔም እንዲህ ሲያደርግ ሁለት ሳምንት ሙሉ ራም ስነቅል ስሰካ ከርሜያለሁ፤ በከንቱ።

የካርዱን መብራት ከሃርድ ዲስክ ገመድ ቀጥለህ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ንቀለው፤ ገመዱ ሊቀልጥ ይችላል። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከመግዛትህ በፊት ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ፓወር ሰፕላዩ የሚሰካበትን መሰኪያ ፒኖች ቁጠር። መደበኛው 24 ፒን ነው። ካነሰ ማገናኛ ገመድ ያስፈልግሃል። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ መግባቱንም ለካ።