ፎኑ ፀጉሬን በተነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ፀጉሬ ሉጫም አይደለም፣ ከርዳዳም አይደለም። ስታጠበው ቆንጆ ሞገድ ይሠራል፣ በፎን ሳደርቀው ግን ይበተናል። ዝም ብዬ እንዳልተወው ደግሞ የማርቆስ ብርድ አያስቀምጥም፣ ክረምት ላይማ እስከ ማታ አይደርቅም። አዲስ ፎን ልገዛ ነው። አንዱ 2,200 ዋት ነው፣ ሌላው «አዮኒክ» ነው፣ ሌላው ሦስት ዓይነት ጫፍ አለው ይሉኛል። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዋቱ አትሸወጂ። ሞገድሽን የሚበትነው የነፋሱ ጉልበት ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሙቀቱንና ነፋሱን ለየብቻ የምትቀንሺበት፣ ሁለት ማብሪያ ያለው ፎን ነው፤ ቀዝቃዛ አየር የሚሰጥ ቁልፍም ይኑረው። ማብሪያው አንድ ብቻ ከሆነ ሙቀት ስትጨምሪ ነፋሱም አብሮ ስለሚጨምር ተይው። ከ1,600 እስከ 2,000 ዋት በቂ ነው። እሱም ቢሆን ወደ 9 አምፔር ስለሚስብ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኪው እንጂ ቀጭን ዲቫይደር ላይ አይሆንም፣ ምጣድ በተጣደበት ሰዓትም ባታበሪው ይሻላል። አዮኒክ የሚባለው ከአየሩ ጋር ኤሌክትሪክ ያዘሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች የሚለቀው ነው፤ ቢሆን አይጎዳም፣ ለእሱ ብለሽ ግን ብር አትጨምሪ።

ከጫፎቹ የሚጠቅምሽ ዲፊውዘር ነው፤ ያ ሰፊ፣ ቀዳዳና ጥርስ ያለው። ነፋሱን ይበታትነዋል፣ ፀጉርሽን ግን ባለበት ይተወዋል። ጠባቡ አፍንጫ አየሩን አንድ ቦታ ላይ ያከማቻል፣ ማበጠሪያ ያለው ደግሞ ይዘረጋል። ሁለቱም ፀጉር ለማስተኛት ነው፣ ላንቺ አይደሉም። ዲፊውዘር ለብቻው የምትገዢ ከሆነ ፎንሽን ይዘሽ ሂጂ፣ የአንዱ ለሌላው ላይገጥም ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። ፀጉር ሲረጥብ ቅርጹን የያዘው ትስስር ይላላል፣ ሲደርቅ ደግሞ በዚያው ሰዓት ባለው ቅርጽ ይያዛል። ስለዚህ ማበጠር ያለብሽ ኮንዲሽነር እንደተቀባሽ፣ ገና እርጥብ ሳለ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማበጠሪያ አታስጠጊው። በፎጣ አትሺው፤ በአሮጌ ካናቴራ እየጨመቅሽ ውሃውን አውጪ። ተልባ ቀቅለሽ ያጠለልሽውን ዝልግልግ ውሃ ቀቢው፤ ቤት ውስጥ ያለ ነው፣ ሞገዱንም ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ቅቤ ግን ለሌላ ቀን ይቆይ፣ ከብዶ ያስተኛዋል። መጀመሪያ ዲፊውዘሩን ሳታስነኪ ዙሪያውን አዙሪው። ላዩ ጠንከር ሲል ጭንቅላትሽን ዘንበል አድርጊና ፀጉርሽን ከጫፉ ሰብስበሽ ወደ ላይ አንሺው፣ ትንሽ ያዥው፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ነፋሱ ዝቅተኛ፣ ሙቀቱ መካከለኛ ይሁን። ሊደርቅ ሲል ቀዝቃዛውን ልቀቂበት።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኮሪያ ጥናት እንዳሳየው የፎን አየር ፀጉሩ ጋ ሲደርስ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ 47 ዲግሪ፣ በ5 ሳንቲ ሜትር ግን ወደ 95 ዲግሪ ነው። ዲፊውዘር ደግሞ በጣም ስለሚጠጋ ከፍተኛውን ሙቀት እርሺው። በዚያው ጥናት 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጠብቆ እያንቀሳቀሱ ማድረቅ ራሱን ችሎ እንዲደርቅ ከመተው ያነሰ ጉዳት ነው የታየበት፣ ስለዚህ ፎን መጠቀምሽ አያስጨንቅሽ።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ዲፊውዘር ያለው ፎን ልትልክልኝ ነው። እዚህ ይሠራል?

መልስ፦ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ታንብብልሽ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ስለሆነ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ወዲያው ይቃጠላል። የሶኬት መቀየሪያ የሚቀይረው ሹካውን ነው እንጂ ቮልቱን አይደለም። የአሜሪካ ፎን ብዙ ጊዜ የሚወስደውን 1,875 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር (ቮልት መቀነሻ) ደግሞ ከባድና ውድ ነው። ይልቅ ፎኑን እዚሁ ግዢና የአፍንጫውን ስፋት ለክተሽ ላኪላት፣ ዲፊውዘሩን ብቻ ትላክልሽ። እሱ መብራት አይፈልግም።