ወኪልሽ አራት ወር ዝም ካለች

ሰላም እህቴ። ልብ ወለድሽን ለአሜሪካ አሳታሚዎች እንድታቀርብ የፈረምሽላት ወኪል አራት ወር ሙሉ ኢሜይል አልመልስ ብላ፣ «ልጠብቃት ወይስ ልተዋት?» ብለሽ ጠይቀሻል። አሳታሚ ለመመለስ ወራት ቢፈጅ ያለ ነው። የራስሽ ወኪል ግን ድምጿን ማጥፋት የለባትም።

ዛሬውኑ አጭር ኢሜይል ላኪላት። «መጽሐፉ ለየትኞቹ አሳታሚዎች፣ መቼ ተላከ? ማን ምን መለሰ?» በያት። የሁለት ሳምንት ቀን ቁረጪላት። ይህን ዝርዝር ሳትይዢ እንዳትለያዪ፣ አደራ! እኔ ሳልቀበል ተለያየሁና ሁለት ወኪሎች «የት የት እንደታየ ካላወቅን አንነካውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንዴ እምቢ ያለ አርታኢ ያንኑ ሥራ መልሶ የሚያየው ከስንት አንዴ ነው።

መልስ ከሌለ ውልሽን አውጪና ስለ ማቋረጥ የሚለውን አንቀጽ አንብቢ። ብዙ ጊዜ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይጠይቃል። እሱ ሳያልቅ ለሌላ ወኪል አትላኪ። «ለንባብ» ብላ ገንዘብ ተቀብላሽ ከሆነ ግን ማስታወቂያውን ለመስጠት አንድ ቀንም አትጠብቂ። ደህና ወኪል የሚከፈለው መጽሐፉ ለአሳታሚ ሲሸጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደራሲው ገቢ 15 በመቶ።

ትልልቆቹ አሳታሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ወኪል አይቀበሉም። ከትንንሾቹ ግን በቀጥታ ከደራሲው የሚቀበሉ አሉ። ውሉ እንደተቋረጠ እነሱን ሞክሪ።